የመውጫው መዝሙር

እሁድ ምሳ ላይ ያንን ጋዝ ያለውን የከተማችንን ውሃ አጠገቤ ስትከፍተው ፊቴን ሳዞር አይተህ ሳቅክ። «አባባ፣ አምቦ ተወልዶ የአምቦን ውሃ የሚሸሽ ሰው ከእርስዎ በቀር አላየሁም» አልክ። ልጄን ያገባህ ሰው ስለሆንክ አለፍኩህ። ጠርሙሱ ትስስ ብሎ ያቺ ትንፋሹ አፍንጫዬን ስትወጋኝ ግን እኔ ምሳ ላይ አልነበርኩም። ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነበርኩ፣ ገመድ ይዤ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ይህ ጽሑፌ ብትንትን ያለ ቢሆንም እንደምንም አንብበው። በቃሌ ብነግርህ አስተማሪ ነህና መሃል ላይ እየገባህ ታስረዳኛለህ። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም።

ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ። ሥራዬ ገመድ መሳብ ነው። ከአንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ጋር ሆነን አምቦ ውስጥ ያልገባንበት ግቢ አልነበረም። በዕድሜ ይበልጠኝ ስለነበር ጋሼ እለዋለሁ። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከጥፍሩ ሥር አፈር የማይጠፋ ሰው ነበር። እንደኛ ቤት ጴንጤ ነው። ጸሎት ቤታችን ግን ከታሸገ ቆይቷል፤ በሩ ላይ ቁልፍ፣ ቁልፉ ላይ የቀበሌ ማኅተም። ቤታችን ውስጥ እንኳን ስንዘምር አፋችንን በነጠላ ይዘን ነበር።

እሱ ታዲያ የሚዘምረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። እዚያ ድምፁን ይለቀዋል፣ በኦሮምኛ፣ አፋፉ ላይ የቆምኩበት መሬት እግሬን እስኪነዝረኝ። መዝሙሮቹን ራሱ ነው ያወጣቸው። አንድ የመውረጃ ነበረው፣ አንድ የመቆፈሪያ፣ ውሃ ሲገኝ ደግሞ አንድ። የመውጫ አልነበረውም። ሁልጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚወጣው። «የመውጫውስ ጋሼ?» ስለው «ገና አልተሰጠኝም። ሲሰጠኝ ትሰማለህ» ይለኛል።

መዝሙሩ ለሥራችንም ነበር። የአምቦ መሬት ሆዱ ጋዝ ነው፤ አየር ይመስላል፣ ግን አይተነፈስም። ስለዚህ ጠዋት ኩራዝ በገመድ እናወርዳለን። እስከ ታች ከበራ ይወረዳል፣ ከጠፋ ማንም አይወርድም። ከዚያ ይጸልያል፤ ጸሎቱ አጭር ነው። «ዋቀዮ፣ ከገመዱ በፊት እጅህ ይያዘኝ።» ገመዱን ብብቱ ሥር አስሮ ይወርዳል። እየዘመረ ይቆፍራል፣ እኔ ላይ ሆኜ አዳምጣለሁ። ሕጋችን አንድ ነበር። «ዝም ካልኩ አትጣራ፣ አትጠይቀኝ። ሳብ።»

ከገበያው ዝቅ ብሎ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴትዮ ግቢ እየቆፈርን ነበር። ኦርቶዶክስ ናት፣ ምላሷ ስለት ነው። «እናንተ ጴንጤዎች መቃብር ገብታችሁም አታርፉ!» ትለናለች፤ ቆሎዋን ግን አትነፍገንም። አንድ ቀን የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን አንጠልጥሎ በአጥሩ ሲያልፍ የቆፋሪውን ድምፅ ሰምቶ ቆመ።

«ማነው የሚዘምረው?»

እኔ ገመዱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ሴትዮዋ እንጨት እየፈለጠች ነበር፣ ቀና እንኳን አላለችም።

«መሬቱ ነው» አለችው። «ከቻልክ እሰረው።»

ሰውዬው እሷን አየ፣ የአፈሩን ክምር አየ፣ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። ቆፋሪው ታች ሆኖ ምንም አያውቅም፣ መዝሙሩን ያንቧርቀዋል። እኔና እሷ አፋችንን ይዘን ሳቅን።

በማግስቱ ግን አልሳቅንም።

ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ የቁልቋሉ ጥላ ገና መርዘም መጀመሩ ነው። ጠዋት ኩራዙ እስከ ታች በርቷል። ቆፋሪው የመቆፈሪያውን ይዘምራል፣ ዶማው ድም፣ ድም ይላል። ድንገት አጥሩ ላይ የነበሩት ወፎች ጭጭ አሉ። ዶማውም ቆመ።

መዝሙሩ ግን አልቆመም። ተለወጠ።

ሰምቼው የማላውቀው ዜማ ነበር፣ ቀስ ያለ። ድምፁ የሱው ነው፣ ያ ጎርነን ያለው። የመውጫው ተሰጠው ብዬ ደስ አለኝ። ገመዱን ይዤ ፈገግ እንዳልኩ አዳመጥኩ። ቃሉ በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ነው፤ «ያወረድከኝ አንተ፣ የምታወጣኝ አንተ፤ አፈሩ ስሜን ሳይጠራኝ፣ አንተ ጥራኝ።» ከዚያ እዚያው ዜማ ላይ «ሀርኪሲ» አለ። ሳብ ማለት ነው። «ሀርኪሲ፣ ሀርኪሲ» እያለ ሄደ።

ሕጋችን ዝም ካልኩ ሳብ ነው። ዝም አላለም። እንደው እጄ ነው የሳበው፣ እኔ ነኝ አልልም። ገመዱ ከበደኝ። ሰው ግድግዳውን በእግሩ እየረገጠ ሲወጣ እንዲያ አይከብድም። «ነይ ያዢ!» ብዬ ጮኽኩ። ሴትዮዋ መጥረቢያዋን ወርውራ መጣች፣ አብረን ሳብን። መዝሙሩ ከታች ይሰማናል፣ አያቋርጥም።

ጭንቅላቱ ብቅ አለ። ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ገጥሟል፣ አፉ አፈር ሞልቶታል። ጎትተን አፋፉ ላይ አጋደምነው።

መዝሙሩ ከታች ቀጠለ።

ሴትዮዋ ገመዱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እሱን አየች፣ ጉድጓዱን አየች።

«ታዲያ ማነው?» አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

ሁለታችንም ቆመን ሰማን። ከባዶ ጉድጓድ ውስጥ ቃሉ እስኪያልቅ ተዘመረ። ካለቀ በኋላ፣ ዘማሪ ሲጨርስ ትንፋሽ እንደሚስበው፣ እዚያ ታች ረጅም ትንፋሽ ሲሳብ ሰማሁ። ወዲያው አጠገባችን የተጋደመው ሰው አሳለ። አፈሩን ተፋው።

«በስመ አብ» አለች፣ አማትባ ቁጭ አለች። እኔ አፋፉ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳይ ያቺ የጋዝ ትንፋሽ አፍንጫዬን ወጋችኝ። ኩራዙን አወረድኩት። መሃል እንኳን ሳይደርስ እፍ እንደተባለ ጠፋ። ኩራዝ የማይበራበት ቦታ ማን ይዘምራል?

ቆፋሪው ነፍሱ መለስ ስትልለት መጀመሪያ ያለው «ዝም ብዬ ነበር?» ነው።

«አይ ጋሼ። እየዘመርክ ነበር፣ የመውጫውን።»

«የመውጫ የለኝም እኮ።»

አንዴ ብቻ በሹክሹክታ ዘመርኩለት። ጉልበቱን አቅፎ ሰማኝ። ይፍራ፣ ደስ ይበለው፣ አላውቅም። ከዚያ «ይሄ የኔ አይደለም፣ እኔ አልዘምረውም» አለ። «አንተ ያዘው። የተቀበርኩ ዕለት አፋፉ ላይ ቆመህ ዘምርልኝ። እስከዚያ ካፍህ እንዳይወጣ።»

«እምላለሁ ጋሼ።»

«አትማል። እሺ በል።»

«እሺ» አልኩት።

ጉድጓዱን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደንነው። ዘመን አልፎ ጸሎት ቤታችን ተከፈተ፣ እሱም ሽማግሌ ሆኖ ተመረጠ። እሁድ እሁድ ያለ ነጠላ፣ አፋችንን ከፍተን ዘመርን። የመውጫውን ግን አንድም ቀን አላነሳንም፤ ለሚስቴ እንኳን አላሰማኋትም። «ጋዙ እናንተንም ነክቷችሁ ይሆናል» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ይሆናል። ሴትዮዋ ግን እስክትሞት ድረስ እዚያ ድንጋይ ላይ ልብስ አላሰጣችም። ጴንጤ ብላ መስደቡንም አልተወችም።

ያ ስልክ የተቋረጠበት ጊዜ ትዝ ይልሃል? መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። እኔ የእህቴን በቆሎ ላሰባስብ ባኮ ወርጄ እዚያው ቀረሁ። አንድ ቀን ከአምቦ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር «ያ ጉድጓድ ቆፋሪ ጓደኛህ እኮ ደክሟል፣ ዛሬ ነገ ነው» አለኝ። ሲመለስ ጆንያው ላይ ወጣሁ። በጌዶ ብርድ፣ በጉደር አቧራ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ መዝሙሩን ስለማመደው መጣሁ። «አምላኬ፣ ሌላ ነገር አልለምንህም፤ ሳይቀብሩት አድርሰኝ» አልኩ።

አላደረሰኝም። ስደርስ ድንኳኑን እያፈረሱ ነበር።

«ግባ፣ በር ላይ አትቁም» አለችኝ ባለቤቱ። «ተቀይሜሃለሁ ግን።»

«እትዬ፣ መንገዱ እኮ...»

«ስለ መንገዱ ማን አነሳ! ቀብሩ ላይ እንዲያ ሆድ የሚያባባ መዝሙር ዘምረህ፣ እጄን እንኳን ሳትጨብጠኝ ትሄዳለህ?»

የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ። «አየሽኝ?»

«በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የት አይሃለሁ? ድምፅህ ይጠፋኛል እንዴ? ከወደ ታች ነበር የሚሰማው። ደክሞህ አፈሩ ላይ የተቀመጥክ መሰለኝ።»

«ምን ብዬ ነበር?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ አለችው። «ያወረድከኝ አንተ፣ የምታወጣኝ አንተ» አለች።

ባኮ ነበርኩ አላልኳትም። «ይቅር በይኝ» ብዬ እጇን ጨበጥኩ።

የኔ ቀን ሲደርስ ማን ይዘምርልኛል ብዬ አልፈራም። በዚያ በኩል ልቤ አርፏል፤ ያ እጅ ከገመዱ በፊት እንደሚይዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ያንገበግበኛል። ያን ሁሉ ዓመት አፌ ውስጥ ይዤው የኖርኩት እኔ ነኝ። እኔ ነበርኩ ልዘምርለት የሚገባኝ።

እሁድ ስትመጣ ጠርሙሱን አጠገቤ ክፈተው፣ ግድ የለም። ፊቴን ያዞርኩት ልሸሽ አልነበረም። ጆሮዬን ላስጠጋ ነው።