ሶሬቲ እና ያጠብኩት ሊሾ

ሶሬቲ የላሚኔት ወለል ታነጥፋለች። ቦሌ ሚካኤል ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። ኢምፔሪያል አጠገብ ባለ የወለል ዕቃ ሱቅ ሦስት ዓመት ሙሉ ለሚያነጥፉት ወንዶች ዕቃ ስታቀብል ቆይታ፣ ባለፈው ጥቅምት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ኃላፊነት ሥራ ተሰጣት። ሥራው ሰሚት ያለው የእኛ ኮንዶሚኒየም ነበር። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ወልደጻድቅ «ይህን ካበላሸሽ ወደ ማቀበሉ ትመለሻለሽ» ብለዋታል። የነገረችኝ ራሷ ናት፣ እየሳቀች።

ረቡዕ የላሚኔቱን ካርቶኖች አስገብታ ሳሎኑ መሃል አጋደመቻቸው።

«ለምን ዛሬውኑ አትጀምሪም?» አልኳት። የምንኖርበት ቤት አከራይ ቅዳሜ ልቀቁ ብሎናል።

«እህቴ፣ መጀመሪያ የቤትሽን አየር ይልመድ። ሁለት ቀን ብቻ። ሳይለምድ ከተነጠፈ አብጦ ይነሳብሻል።»

ከዚያ ሊሾው ላይ ቁራጭ ላስቲክ ዘርግታ ዙሪያውን በፕላስተር ለጠፈች። ሲሚንቶው ውስጥ እርጥበት ካለ ላስቲኩን ከሥር ያልበዋል አለችኝ። ሐሙስ ጠዋት መጥታ አየችው፤ ደረቅ ነው። ላስቲኩን መልሳ ለጠፈችው። እዚያው ቆማ ጋሽ ወልደጻድቅ ጋ ደወለች። «ደርቋል፣ ነገ እጀምራለሁ» አለቻቸው። ስትወጣም «ወለሉን ውሃ እንዳይነካው፣ አደራ» አለችኝ።

ከሰዓት ልጄን አዝዬ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ተመልሼ ስሄድ ቀለም ቀቢዎቹ የተዉትን አቧራ አየሁ። ነገ ሰው ሊመጣ እንዲህ ያለ ቤት እንዴት ያድራል? እኔ ያደግሁበት ቤት ሰው የሚጠበቀው ወለል በውሃ ታጥቦ ነው። ደግሞ ሲሚንቶ አይደል፣ እስከ ጠዋት ይደርቃል አልኩ። ካርቶኖቹን እንዳይነካቸው ተጠንቅቄ ሦስት ባልዲ ውሃ ከነሳሙናው ለቀቅሁበት።

ዓርብ ጠዋት ሶሬቲ ተንበርክካ ላስቲኩን ስታነሳ ከሥሩ ውሃ አቁሯል። ሳቋ ጠፋ።

«ትናንት ደረቅ ነበር» አለች፣ ለራሷ።

ባለቤቴ ሙነወር ጭንቅላቱን ያዘ። «ደርቋል ያልሽው አንቺ አይደለሽ? ነገ ልጅ ይዘን የት ልንገባ ነው?»

«ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አላነጥፍም።»

«እንግዲያው የሚያነጥፍ እናመጣለን!»

ወደ ሱቁ ደውሎ ወለሉ እርጥብ መሆኑን ተናገረና ስልኩን ላውድ ላይ አደረገው። የጋሽ ወልደጻድቅ ድምፅ ባዶው ሳሎን ውስጥ አስተጋባ።

«ሶሬቲ፣ ደርቋል አላልሽኝም?»

«ብያለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ባንድ ሌሊት ውሃው ከሰማይ ወረደ? ሳታይ ነው ያወራሽው። ሌላ ሰው እልካለሁ፣ አንቺ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

ሶሬቲ መዶሻዋን አነሳች፣ መጋዟን በጨርቅ መጠቅለል ጀመረች። ወደ እኔ ቀና እንኳ አላለችም፤ አልጠረጠረችኝም። ያ ነው የባሰብኝ። ሙነወር በሰው ፊት ምን ይለኝ ይሆን? ዝም ብል ማንም አያውቅም። እሷ ግን መጋዙን ጠቅልላ ጨርሳ ቦርሳዋን እየዘጋች ነው።

«ጋሽ ወልደጻድቅ» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ነኢማ ነኝ፣ የቤቱ ባለቤት። ሶሬቲ አልዋሸችም፤ ደርቆ ነበር። ትናንት ከሰዓት ያጠብኩት እኔ ነኝ። ውሃ አታስነኪ ብላኝም ነበር።»

ሙነወር ዞረ። «ምን አልሽ?»

ሳልመልስለት ጋሽ ወልደጻድቅ ቀደሙኝ። «ልጄ፣ ሊሾ እንደ ሳህን ይታጠባል? በስንት ባልዲ?»

«በሦስት።»

«ሦስት!» አለች ሶሬቲ። በመጀመሪያ ቁጣ መሰለኝ፤ ከዚያ ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ሶሬቲ» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ድምፃቸው ለስልሶ። «መቼ ይደርቃል?»

ቦርሳዋን መሬት ላይ መልሳ አስቀመጠች። «መስኮቱ ቀን ቀን ይከፈት። ላስቲኩ ሁለት ሌሊት ሳያልበው ካደረ እጀምራለሁ። ቀን አልቆርጥም፣ ጋሼ።»

«እሺ። አንቺ ስትዪ ይጀመራል።»

ሙነወር ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ፣ እውነቱን ነው። ቅዳሜ ዕቃችንን ሴራሚክ ያለበት ኩሽና ውስጥ አጨቅነው፤ እኛ እህቴ ጋ ሰነበትን። ሶሬቲ በየጠዋቱ እየመጣች ላስቲኩን ታይ ነበር። ረቡዕ ጀመረች፤ ከግድግዳው ትንሽ ትንሽ ክፍተት እየተወች አነጠፈችና በማግስቱ ጨረሰች።

አሁን ጎሮ ሌላ ቤት ይዛለች። ትናንት ደወለችልኝ። «የቤቱ እመቤት ወለሉን ላጥብ ብላ ባልዲ ውሃ ይዛ ቆማለች፣ እኔን አልሰማ ብላለች። እባክሽ አንቺ ንገሪያት» አለችና ስልኩን ለሴትየዋ ሰጠቻት።