አባቴ የሰፉት ስፒናከር

ዓረብ አገር ሳለሁ በአንድ የጀልባ ክበብ ውስጥ ጀልባ አጣቢ ነበርኩ። አንድ ቀን አሠልጣኟ ሰው ጎድሎባት አብሬያት እንድወጣ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ውሰጂኝ እያልኩ ያስቸገርኳት እኔ ነኝ። ካታማራን የሚባለውን፣ ሁለት ቀጫጭን አካል ጎን ለጎን ተጋጥሞ መሃሉ ላይ መረብ የተወጠረበትን የሸራ ጀልባ፣ ብቻዬን መንዳት የተማርኩት ከሷ ነው።

ደሴ ስመለስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ምን ሱቅ ልትከፍቺ ነው እያለ ነበር። እኔ ልቤ ያለው ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ሐይቁ ላይ ነው። ኮምቦልቻ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የመኪና አካል በፋይበር ይጠግናል። መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ቀጥሎ ሥዕል አምጪ አለኝና ሁለቱን አካል ሠራልኝ። አሮጌ ዋና ሸራ ከክበቡ ለምኜ ይዤ መጥቻለሁ። የቀረኝ ስፒናከሩ ነበር፤ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ከፊት ተነፍቶ ጀልባውን የሚያበርረው ስስ ሸራ።

አባቴ እዚያው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ቦታ ድንኳን ይሰፋሉ።

"አባ፣ ሸራ ይስፉልኝ" አልኳቸው።

"የምን ሸራ?"

"ነፋስ የሚይዝ።"

"እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋሁት ነፋስ እንዳይገባ ነው።" ሜትራቸውን አነሱ። "አብሽሪ፤ እንሞክረዋለን።"

የመጀመሪያው እንደ ድንኳን ጣራ ጠፍጣፋ ሆነ። ውሃ ላይ ስሰቅለው እንደ ተሰጣ ልብስ ተርገበገበ እንጂ አልተነፋም። አባቴ አልተናደዱም። ሆጤ ሰፈር ባለው ቤታችን ወለል ላይ ዘረጉትና ሙሉውን ተረተሩት። ከዚያ ጨርቁን ጫፍና ጫፉ ጠባብ፣ መሃሉ ሰፊ አድርገው እየቆረጡ ቁራጩን ከቁራጭ ገጠሙት። ሲያነሱት ሆድ አውጥቶ ነበር።

"ይዘሽኝ ሂጂ። የሰፋሁትን ሳላይ አላምንም" አሉኝ።

በሚኒባስ ሄድን። እሳቸው ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ወጣሁ። ነፋሱ ከተራራው በኩል እየበረታ ነበር። ስፒናከሩን ሰቀልኩና የወገቤን ቀበቶ ከምሰሶው አናት ከሚወርደው ሽቦ ጋር አያያዝኩ። ትራፒዝ የሚሉት ይህንን ነው፤ እግርሽን ጀልባው ጠርዝ ላይ ተክለሽ ሰውነትሽን በሙሉ ከውሃው በላይ ትዘረጊያለሽ፣ ክብደትሽም ጀልባው እንዳይገለበጥ ይይዘዋል። አንዱ እጄ መሪውን፣ ሌላው የስፒናከሩን ገመድ ይዟል። ዓይኔ ሸራው ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ በትንሹ ወደ ውስጥ እስኪታጠፍ ገመዱን ማላላት፣ ከታጠፈ ደግሞ ጥቂት መሳብ፤ ሥራው ይኸው ነው፣ ግን ለቅጽበት እንኳ ዓይን መንቀል የለም።

ሸራው ተነፋ። ጀልባው ተስፈነጠረ። ደስ ብሎኝ ጮህኩ።

ድንገት ኃይለኛ ነፋስ መታኝ። ያለ ስፒናከር ስነዳ እንደለመድኩት የጀልባውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዞርኩት። በስፒናከር ግን ይህ ጥፋት ነው፤ ሸራው ጀልባውን በጎኑ ጣለው፣ እኔም ከነሽቦዬ ውሃ ውስጥ ገባሁ።

ቀበቶዬን ከሽቦው ፈትቼ ብቅ ስል አባቴ ቆመው "ያ አላህ!" ሲሉ ተሰማኝ። አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳው ቀረበኝ።

"እህቴ፣ ልጎትትሽ?"

"ይቆዩኝ። ካቃተኝ እጠራዎታለሁ።"

ውሃው ላይ የተኛው አካል ላይ ቆሜ፣ በገመድ ወደ ኋላ ተንጠልጥዬ ጀልባውን ለማቅናት ሞከርኩ። አልነቃነቅ አለ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ክንዴ ዛለ። ይህን ጊዜ ነው ስፒናከሩ ውሃ ሞልቶ እንደሚጎትተኝ የገባኝ። ዋኝቼ ገመዱን ፈታሁ፣ ሸራውን እየሰበሰብኩ መረቡ ላይ አሰርኩ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አስያዝኩና እንደገና ተንጠለጠልኩ። ምሰሶው ቀስ እያለ ተነሣ። አጥማጁ "ማሻአላህ!" ብሎ ሄደ።

ወደ ዳር መመለስ እችል ነበር። አልተመለስኩም። ስፒናከሩን መልሼ ሰቀልኩ። ሽቦው ላይ ተንጠልጥዬ እግሮቼን ወደ ጀልባው ኋላ አስጠጋሁ፣ የፊቱን ቀጥ የኋላውን እጥፍ አድርጌ። ነፋሱ ዳግም ሲመጣ ከነፋሱ ሸሸሁ፤ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ መሄጃ አዞርኩ፣ ገመዱንም አላላሁ። ጀልባው ቀና ብሎ ሮጠ። እስከ ማዶው ዳር ድረስ ያዝኩት።

ስመለስ አባቴ ውሃው ውስጥ ገብተው ገመዱን ተቀበሉኝ።

"ስትወድቂ ስፌቱ የተቀደደ መስሎኝ ነበር" አሉ።

"እኔስ፣ አባ?"

"አንቺማ ዋና ትችያለሽ።" ገመዱን ግን ጀልባው ዳር ወጥቶ ከቆመ በኋላም አልለቀቁትም።

አሁን ነፋስ ባለ ቁጥር እወጣለሁ። ስፒናከሩ ተነፍቶ ሳለ ብቻዬን አቅጣጫ መቀየር ገና አልሰመረልኝም፤ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ስሻገር ገመዱ ያመልጠኛል፣ አንዳንዴም እወድቃለሁ። እነሣና እንደገና እሞክረዋለሁ።