ስንት አመጣ?

እጸገነት ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የውጭ ዜና ተርጓሚ ሆና ከተቀጠረች ሁለት ወር ሊሞላት አራት ቀን ቀርቷታል። የሙከራ ጊዜዋ ሲያበቃ ወይ ቋሚ ትሆናለች፣ ወይ ትሰናበታለች። ለዚህ ሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ደጅ ስትጠና ኖራለችና ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

የዚያን ቀን ጠዋት የደረሳት ዜና ከአሜሪካ ነው። አንድ ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርበውን ዕጩ ለመለየት ግዛት በግዛት ድምፅ ማሰጠት ጀምሯል። የመጀመሪያዋ ግዛት ውጤት ገብቶ፣ የውጭ ዘጋቢዎች ሁሉ አንዱን ዕጩ «ክፉኛ ተደናቀፈ»፣ ሌላውን «ጉድ አሰኘ» እያሉ ይቀባበላሉ። የአንድ ሰዓቱ ዜና ሊጀምር ነው። እጸገነት «ተሸነፈ» ብላ ጻፈች፤ ተነበበ።

ዜናው እንዳለቀ ስልኳ ጠራ። ጋሽ ረጋሳ ናቸው፤ ሰፈሩ ሳይፈርስ ጎረቤቷ የነበሩ ጡረተኛ መምህር። አሁን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ጋዜጣቸውም መጽሐፋቸውም ሬዲዮ ሆኗል።

«የኔ ልጅ፣ ዜናሽን ሰማሁት፤ ጎበዝ። ግን ያ የተሸነፈው ሰውዬ ስንት አመጣ?»

እጸገነት ወደ ስክሪኗ ዞረች። ቁጥሩ የተቀመጠው ከረጅሙ ዘገባ ግርጌ ነው። «ተደናቀፈ» የተባለው አርባ ስድስት ከመቶ፤ ጉድ ያሰኘው ደግሞ ሠላሳ አንድ።

«ጋሼ… አንደኛ እኮ ነው የወጣው!»

«ታዲያ ማን አሸነፈው?»

ያሸነፉትማ ጋዜጠኞቹ ናቸው። ስድሳ ያመጣል ብለው ራሳቸው ገመቱ፤ ግምታቸው ሳይሞላ ሲቀር ሰውየውን ጥፋተኛ አደረጉት። ለሌላው ሃያ ይበቃዋል ብለው ስለነበር ሠላሳ አንዱ ሠርግ ሆነለት። ከዚያ ወዲያ ደጋፊውም መራጩም ወሬውን ተከትሎ ይነጉድና፣ በሚቀጥለው ግዛት ወሬው እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል።

እጸገነት ይህን ነገር በራሷ ደርሶባት ታውቀዋለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትፈተን ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ትሆናለች ብሎ ነበር የጠበቃት። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አመጣች፤ ለሕክምና ግን አልበቃም። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ፤ አባቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። ትወድቃለች የተባለችው ጎረቤታቸው ሰገን ከእሷ በብዙ ነጥብ አንሳ ለጥቂት ስታልፍ ግን በግ ታረደላት። የዚያን ቀን እነእጸገነት ቤት ገብተው «ስንት አመጣሽ?» ያሉት ጋሽ ረጋሳ ብቻ ነበሩ። ስትነግራቸው፣ «አልፈሻል እኮ! እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው ግንባሯን ሳሟት። ያቺን ቃል አልረሳቻትም።

ማረሚያ ጻፈችና ለአዘጋጁ ለዳግም ወሰደችለት።

«እጹ፣ በቃ ተይው። ማንም ኖቲስ አላደረገም። ማለቴ፣ ግምገማሽ ዓርብ ነው፤ በገዛ ራስሽ ላይ ሪፖርት እየጻፍሽ እኮ ነው!»

«አንድ ሰው ሰምቷል» አለችው።

በስድስት ሰዓቱ ዜና ማረሚያው ተነበበ፤ መጀመሪያ ቁጥሩ፣ ከዚያ ወሬው።

ዓርብ ዳግም የግምገማ ቅጹን ሰጣት። ምልክቱ ያረፈው «ከሚጠበቅባት በታች» በሚለው ሳጥን ላይ ነው።

«ከዘጠና በላይ ነበር የጠበቅንሽ» አለ ዳግም እንደማፈር ብሎ። «ስህተቱ ጎዳሽ። ማረሚያው ደግሞ አዳነሽ። ግርጌውን እይው እስቲ።»

ግርጌው ላይ ሰባ ስምንት ከመቶ ይላል። ማለፊያው ሰባ ነው። ከሥሩ «ቋሚ ትሁን» ተብሎ ተፈርሟል።

ወደ ደረጃው ወጥታ ቡልጋሪያ ደወለች።

«ጋሼ፣ ቋሚ ሆንኩ። ግን ከሚጠበቅብሽ በታች ነው አሉኝ።»

«ስንት አመጣሽ?»

«ሰባ ስምንት።»

«አልፈሻል እኮ!» አሉ ሽማግሌው። «እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ።»

እጸገነት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋን ለቀቀችው።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች። «ለዚያኛውም ቀን።»