በቀትር፣ በዋናው በር

ኑንዚያታ ፀጉር ሠሪ ነበረች። ሱቅ የላትም፤ ማበጠሪያዋን በሽርጧ ኪስ ሻጥ አድርጋ ከደጅ ደጅ ትዞራለች፣ ወሬውንም አብራ ታመላልሳለች። በፕሮቺዳ ደሴት ከተዳሩት ሴቶች ፀጉሯ በኑንዚያታ እጅ ሳያልፍ ቤተ ክርስቲያን የደረሰች ጥቂት ናት። እሷ ራሷ ግን አልተዳረችም። ከአሣ አጥማጁ ከአኒየሎ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖራ ልጆች ወልዳለች። የአኒየሎ እናት «ፀጉር ሠሪ ምራቴ ከምትሆን ባሕር ይብላኝ!» ብላ ምላ ነበር። እሱም የእናቱን መሐላ መስበር አልደፈረም፤ ዓመቱ እንዲሁ ዓመትን ወለደ።

አሮጊቷ ሞተች። አኒየሎ የሐዘን ልብሱን ባወለቀ ማግስት፣ መረቡን እየጠገነ፣ ቀና ሳይል፣

«ኑንዚያ፣ እንግዲህ ቄሱን ብናነጋግር ምን ይመስልሻል?» አለ።

«የምታናግረው መረቡን ነው እኔን?»

«አንቺን ነዋ!»

«እንግዲያው ቀና በል።»

ቀና አለ። እስከ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር።

ቄሱ አባ ጄራርዶ ደስ አላቸው። «ተመስገን! ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ኑ፤ በጎን በር። ሁለት ምስክር ይበቃል» አሉ።

ልማድ ነው። ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ሰዎች በደሴቲቱ የሚጋቡት በጨለማ ነበር፤ ያለ ደወል፣ በጎን በር፣ እንደ ሌባ። ኑንዚያታ ታውቀዋለች። እንዲህ የተዳሩትን ሴቶች በኩራዝ ብርሃን አበጥራ ሸኝታለች፤ አንዷም መስታወት አቀብይኝ ብላት አታውቅም።

«በቀትር ነው የምንጋባው አባ፤ በዋናው በር።»

«ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውንማ የማዳርሰው እኔ ነኝ፤ እሱን ለእኔ ይተዉት።»

«ሥርዓት አለ እኮ!»

«ያንን ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር የሚያስቅ ፊልም ሊሠሩ ሰዎች ከሮም የመጡ ጊዜ ሥርዓቱ የት ሄዶ ነበር? ሙሽራ ሆና ለተጫወተችው ተዋናይት ዋናው በር ተከፈተላት። የፊልሙ ሙሽራ እየሳቀ ቀረጻውን ባበላሸ ቁጥር ደወሉ እንደገና ተደወለ። ፀጉሯን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ባሏ ሮም ነው ያለው። ሙሽራውም የሌላ ሴት ባል ነው። እርስዎ ደጅ ቆመው ሲያጨበጭቡ አይቼዎታለሁ።»

«እሱ ጨዋታ ነዋ!»

«ለጨዋታ የተከፈተ በር ለእውነት ይዘጋል?»

«በጎን በር! አለቀ!» አሉ አባ ጄራርዶ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አኒየሎ «ምን ቸገረሽ? ውስጥ ያለው እግዚአብሔር አንድ ነው» አላት።

«እግዚአብሔር አንድ ነው። በሩ ነው ሁለት የሆነው።»

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ቄሱ የጎኑን በር ከፍተው ቢጠብቁ ማንም አልመጣም። ቀትር ላይ ኑንዚያታ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በገዛ እጇ ጎንጉና፣ የአኒየሎን ክንድ ይዛ በመንገዱ መሃል ለመሃል ወጣች። ልጆቿ ከኋላ ተከተሉ። ሴቶቹ ከየበረንዳው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ወዴት ነው ኑንዚያታ?»

«ልዳር!»

«በሩ እኮ ዝግ ነው!»

«ይከፈታላ!»

ወጡን ከእሳት ያወረደችም፣ እንዲሁ የተወችም ተከተለቻት።

በሩ በእርግጥም ዝግ ነበር። ኑንዚያታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ፀሐዩ ይፋጃል። አኒየሎ ኮሌታው አንቆት «ባክሽ በጎን እንግባ» አላት።

«ግባ፤ እዚያ ውስጥ የምታገባት ካገኘህ።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እሷ ግን በልቧ ታሰላ ነበር። ሳይከፈት ቢቀር፣ ይህ ሁሉ ሰው እያየ ተመልሳ ብትወርድ፣ ነገ ማበጠሪያዋን ይዛ የማን ደጅ ትቆማለች? ልጆቿስ በምን ስም ይጠራሉ? ቢሆንም አልተነሣችም። አንገቷን ቀጥ አድርጋ ቁልቁል ባሕሩን አየች።

ከውስጥ ኮቴ ተሰማ። መቀርቀሪያው ተንቋቋ። አንደኛው የበሩ ክንፍ ብቻ ገርበብ አለና ላብ ያጠመቀው የአባ ጄራርዶ ፊት ብቅ አለ።

«ግቢ እንግዲህ፣ አንቺ ግትር!»

ኑንዚያታ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። አልገባችም።

«ሌላኛውንም ይክፈቱት አባ» አለች፤ «ሁለት ነን።»