ሚስተር ዋልተርን ከሙስታንጋቸው ያስቀረሁበት ቅዳሜ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለባሌም አልነገርኩም። አባትን ከልጁ አቆራርጬ ለመቃብር ያበቃሁት እኔ ነኝ።

ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራ ነበር። ከማስታምማቸው ሰዎች አንዱ ሚስተር ዋልተር ናቸው። በወጣትነታቸው ካሊፎርኒያ፣ ሙስታንግ የተባለው የጦር አውሮፕላን መጀመሪያ ሲሠራ ንድፍ ከሚያነሱት መሀል ነበሩ። ሳለብሳቸውም ሳጎርሳቸውም ወሬያቸው እሱ ነው፤ አካሉ አልቆ ሞተሩ እንደዘገየ፣ ጎማውን ከሌላ አውሮፕላን ተውሰው እንደገጠሙለት።

"እኛ በቁጥር ነበር የምንጠራው። ስሙን ያወጡለት ያዘዙን እንግሊዞች ናቸው። የዱር ፈረስ ማለት ነው። ስንሰማ አጨበጨብን" ይሉኛል።

እኔ ያደግኩት ምፅዋ ነው። ወንድሜን የገደለው ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ ነው። አንድ ቀን ይህንኑ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ "የእኛ ሊሆን አይችልም። በእናንተ ጊዜ ጄት ነው" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ለመግደያ የፈረስ ስም ወጣለት ብሎ የሚያጨበጭብ ምን ዓይነት ሰው ነው? ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በዚያው ሰሞን አንድ አሮጌ ሙስታንግ ሴንቴኒያል አውሮፕላን ማረፊያ ለትዕይንት መጣ። ልጃቸው ጆአን ቅዳሜ ፒክ አፕ አድርጋ ልታሳያቸው ቀጠረች። ጠዋት ሱፍ ልብሳቸውን አለበስኳቸው። ከዚያ ኮሪደር ወጥቼ ደወልኩላት። "አባትሽ አሟቸዋል፤ ዛሬ ሰው ማየት አልፈለጉም" አልኳት። ተመልሼ ደግሞ ለእሳቸው፣ "ልጅዎ ሥራ በዝቶባት ቀርታለች" አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ?

"ሥራ?" አሉ።

ማታ ጆአን ስትደውል፣ "አላናግራትም" አሉ። ያኔ እውነቱን ተናግሬ ላስታርቃቸው እችል ነበር። "ተኝተዋል" አልኳት። በነጋታውም እንዲሁ። ሳምንት ሳይሞላ ልባቸው ቆመ።

ቀብራቸው ላይ ጆአን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። "በምን አስቀይሜው ነው ሳያናግረኝ የሞተው? ላንቺ አልነገረሽም?" አለችኝ። አልነገሩኝም አልኳት። ስላስታመምኩላት አመሰገነችኝ። እኔም ምስጋናዋን ተቀበልኩ። እንዴት ያለሁ ሴት ነኝ?

በወንድሜ አላመካኝም። ወንድሜ ዋሺ አላለኝም። ሽማግሌውም ቦምብ አልጣሉበትም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር ማለት የምትችለው ጆአን ብቻ ናት። እሷ የምትኖረው ዴንቨር ነው። ቤቷን አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ በደጇ በመኪና አልፌያለሁ። አንድም ቀን ቆሜ አላውቅም።