ከእናቴ ሳጥን የወጣችው እርግብ

በስልኬ ያየኋት ሴትዮ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደረበች የወፍ ሥዕል ስትሠራ «ጭንቀት ያስረሳል» አለች። እኔም አመንኩ። ዊንጌት ታክሲ ሲጋፋ የሚያመሽ ሰው ጭንቀት ያስረሳል ካሉት የማያምነው ነገር የለም።

ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ አንድ ፌስታል ቁርጥራጭ ለምኜ ነጭ እርግብ ጀመርኩ። ላባው የሚደረበው ከጭራ ተነስቶ ወደ ላይ ነው፤ የቤት ቆርቆሮ ሲመታ ከታች እንደሚጀመረው። እኔ ግን አዋቂ አይደለሁ? ከራሷ ጀመርኩ። ጭራዋ ላይ ስደርስ ላባዋ ሁሉ ቆሞ ውሻ ያባረራት ዶሮ መሰለች። ተናድጄ ቦጫጨቅኳት። ነጩ ጨርቅም አለቀ።

አብራኝ የምትኖረው እናቴ ቤተ ክርስቲያን ልትስም ሄዳለች። ሳጥኗን ከፈትኩት። ከነጠላዎቿ ሁሉ ሥር ያልተነካ አቡጀዲ ተጣጥፎ ተቀምጧል። «እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው!» ብዬ ከጫፉ አራት ጣት የሚያህል ከዳር እስከ ዳር ቆረጥኩ። አርባ ዓመት የሞላኝ ሴትዮ፣ በአሮጊት ሳጥን ውስጥ አዲስ አቡጀዲ ምን እንደሚጠብቅ አልጠየቅኩም። ብልህነቴ ይገርማል።

እማዬ ስትመለስ እርግቧ ኮላዋ እስኪደርቅ ጠረጴዛው ላይ ደረቷን ነፍታ ተዘርግታለች።

«ይህቺ ዶሮ ናት?»

«እርግብ ናት፣ እማዬ።»

ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰቻት። ፊቷ ተለወጠ። «ጨርቁን ከየት አመጣሽው?»

ዓይኔ ወደ ሳጥኗ ሄደ።

«መገነዣዬን! አንቺ ልጅ፣ መገነዣዬን ወፍ አደረግሽው?»

ይባስ ብዬ «በቃ፣ ነገ ሌላ እገዛልሻለሁ» አልኳት።

«በስመ አብ! በቁሜ ልትገንዢኝ ነው? አባትሽ የሞተ ለታ አቡጀዲ ፍለጋ እንዴት እንደተሮጠ ረሳሽው? አንቺ እንዳትሮጪ ብዬ እኮ ነው ያኔውኑ በልኬ አስቆርጬ ያስቀመጥኩት። አንድ ጣት ትርፍ የለውም!»

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተኛች። «ሜትርሽን አምጪና ለኪኝ። ስንት እንደጎደለኝ ልወቀው።»

«ተይ እንጂ እማዬ፣ ደስ አይልም።»

«ለኪ አልኩሽ!»

ከራሷ እስከ እግሯ ለካኋት፤ ከዚያ የተረፈውን አቡጀዲ ለካሁ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ለካኋት። ምንም አልጎደለም።

«ይበቃል» አልኳት።

«ተመስገን!» ብላ ፈገግ አለች። «ያኔ አብዝተው ቆርጠውልኝ ኖሯል።»

«አዎ፣ አብዝተው ነው» አልኳት። አላበዙም። እናቴ አጥራለች፣ እኔም አንድ ቤት እየኖርኩ አላየሁም።