ከፋብሪካችን በታች ያለው ጅረት

ሮቤ ዳር ባለው የዱቄት ፋብሪካ ስቀጠር የተመደብኩት ስንዴ ማጠቢያው ክፍል ነበር። በየቀኑ ከጎባ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። የሲናና ስንዴ በጭነት መኪና ይመጣል፤ አፈሩንና ገለባውን በውሃ እናስለቅቅና ወደ ወፍጮው እንልከዋለን። እጣቢው በቱቦ ከአጥሩ ውጭ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደርስ ለሁለት ዓመት ያህል አልጠየቅኩም። ብዙ ፈልጌ ያገኘሁት ሥራ ስለሆነ በፋብሪካው ክፉ ማሰብ አልፈልግም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ ጀሪካን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ከፋብሪካው በታች፣ ጅረቱ ዳር ከብት የሚያረቡ ጎረቤታችን ናቸው። ሥራ አስኪያጃችን ከሌላ አገር የመጣ ስለሆነ ኦሮምኛ አይሰማም፤ እኔ ላስተረጉም ተጠራሁ።

«አከም ቡልተኒ» ብዬ እጅ ነሳሁ። ሰላምታዬን መለሱና የጀሪካኑን ክዳን ከፍተው አስሸተቱኝ። የኮመጠጠ ሊጥ ይሸታል።

«ላሞቼ ይህን ውሃ እምቢ ብለዋል» አሉ በኦሮምኛ። «እሱ ይጠጣው እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

እኔ ለሥራ አስኪያጁ፣ «ውሃው ትንሽ ተበላሽቷል፣ ቢታይልኝ ነው የሚሉት» አልኩት።

ሽማግሌው ዞረው አዩኝና በጥሩ አማርኛ፣ «ልጄ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም» አሉ።

የምገባበት ጠፋኝ። ሥራ አስኪያጁ ሳቁን መያዝ አልቻለም። «አባባ፣ አማርኛ ይችላሉ እንዴ?»

«እችላለሁ። ስቆጣ ግን የሚቀናኝ በራሴ ቋንቋ ነው።»

«ታዲያ ፋብሪካውን ዝጉት ነው የሚሉን?»

«የእህቴ ልጆች እዚሁ ነው የሚሠሩት፤ ለምን ይዘጋል? ውሃውን አጣርታችሁ ልቀቁት ነው የምለው።»

ሦስታችንም ወደ ጅረቱ ወረድን። ዳርና ዳሩ ነጭ አረፋ ይዟል፤ ድንጋዩ ያዳልጣል። ሥራ አስኪያጁ አረፋውን በእንጨት ገፋ አድርጎ አየው። በማግስቱ ቁፋሮ እንዲጀመር አዘዘ።

እጣቢው ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈ የሚያርፍባቸው ሦስት ጉድጓዶች ተቆፈሩ። አፈሩና ገለባው በመጀመሪያው ይዘቅጣል፤ የመጨረሻው ዳር ላይ ሽማግሌው ራሳቸው አምጥተው ውሃውን የሚያጣራ ቄጠማ ተከሉበት። ዝቃጩን ገበሬዎች ከፍግ ጋር ቀላቅለው ለማሳቸው ይወስዱታል። ጉድጓዶቹን የሚከታተል ሰው ሲፈለግ እኔ እጄን አወጣሁ።

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ማለት አይደለም። ክረምቱ ሲበረታ ጉድጓዶቹ ሞልተው ይፈሳሉ። ያኔ ሽማግሌው ይደውሉልኛል፤ እኔም ለሥራ አስኪያጁ እነግረዋለሁ። «ለደንበኛ ያላደረስነው ትእዛዝ አለብን እኮ» እያለ ያጉረመርማል፤ ቢሆንም ማጠቢያውን ያስቆማል።

ዘንድሮ አራተኛ ጉድጓድ እየቆፈርን ነው። ከማሽን ጩኸት ወጥቼ በጠዋት ፀሐይ፣ ጭቃ ውስጥ በቦት ጫማ መዋል ተስማምቶኛል። ከላይ ወፍጮው ሲዞር ይሰማኛል፤ ደስ እያለኝ አካፋዬን አነሳለሁ።